ከሥር የሚነሣ መንገድ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሕይወትና ሥራ

ወደ ራቤል የሚሄድ ዕቃ ከቦታው ይደርስ ዘንድ አድራሻው ከሰፊው ወደ ጠባቡ በተራ ሊነገር ይገባዋል፤ ይኸውም ሰሜን ሸዋ፣ ግሼ፣ ራቤል ተብሎ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ግን መንገዱን ከቆመበት አንሥቶ ማመልከት ይበቃል። አንዲት ፊደል ተሳስቶ ግሼን ግሸን ያለ ደግሞ መንገደኛውን ከሸዋ አውጥቶ ወሎ፣ አምባሰል ያደርሰዋል። ኮምፒዩተርም ፋይሉን የሚያገኘው በዚሁ ሥርዐት ነው። ፕሮግራሙ በቅድሚያ የተሰጠው አድራሻ ከሥሩ የሚነሣ ነው ወይስ ሥራው ከሚካሄድበት ስፍራ የሚነሣ ነው ብሎ ይለያል፤ ቀጥሎም በዘንባላው መስመር ላይ እየከፈለ ክፍሎቹን በየተራቸው ይመረምራል። በመለየቱ ወይም በመክፈሉ ላይ ስሕተት ቢገባ ፋይሉ በቦታው ሳለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

ኮምፒዩተር ከመታወቁ አስቀድሞ ይህንኑ የመለየትና የመክፈል ችግር በግዕዝ ቃላት ላይ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1862 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው በዚያ ለብዙ ዓመታት ተቀመጡ። ለሥራቸው መሠረት የሆኑትን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስን ያገኙትም በዚያው ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ኢግናዚዮ ጉይዲ የተባለውን ኢጣሊያዊ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ስለ ነበር፣ ሥራውን ሳይፈጽሙ ዕድሜያቸው ቢደርስ ለደቀ መዝሙራቸው አስረከቡት። ደቀ መዝሙሩም ግዕዙን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር እያስተያዩ ሥራውን አሰፉት።

መጽሐፉ ፊደሉን በአበገደ ተራ፣ ቃላቱን ደግሞ በየሥራቸው ያስቀምጣል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚለውን ቃል የሚፈልግ አንባቢ መ ከሚባለው ክፍል ቢሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መ በዚህ ቃል ላይ ባዕድ ፊደል ስለ ሆነች እርሷን አንሥቶ ጸሐፈ ከሚለው ሥር መፈለግ አለበት። መዝገብም እንደዚሁ ዘገበ ከሚለው ይገኛል። ነገር ግን ምክር በሚለው ቃል ላይ ያለችው ም የሥሩ የመከረ አካል ናትና ብትነሣ ቃሉ ይፈርሳል። ስለሆነም አንባቢው ከመክፈሉ በፊት የፊደሏን ጠባይ መለየት ግዴታው ነው። መንገዱ ለጀማሪ አስቸጋሪ ቢሆንም ሥሩን ያገኘ ሰው ከዚያው የበቀሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ ባንድ ስፍራ ተሰብስበው ያገኛቸዋል።

ሌላው የጸኑበት ነገር በድምፅ የተመሳሰሉትን ፊደሎች አለማቀላቀል ነው። በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰሌዳ ሲገባ ሁለቱ ፊደሎች የተለያየ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ በሠ የተሰየመ ፋይል በሰ ቢጠሩት አይገኝም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በአልጋ ወራሽ በራስ ተፈሪ ጥሪ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ አዘጋጅተው ለኅትመት አበቁ። በድሬዳዋም ከቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ጋር እየሠሩ ኖሩ። ዋናው የድካማቸው ፍሬ ግን ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ብራናውን የሚረከብ ሰው ባይኖር ኖሮ የሁለት ትውልድ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር፤ ሥራው በወረቀት ላይ ቢኖርም እንኳ አከፋፈሉንና ምልክቶቹን የሚያውቅ ካልተገኘ ለማተም ባልተቻለም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው አስተካክለውና አሟልተው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። እርሳቸውም በበኩላቸው በ1962 ዓ.ም. ታላቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ።

ዛሬ የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ለመፈለግ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ባዕዱን ፊደል ከሥሩ ለመለየት ሲደክም፣ ያ ችግር አስቀድሞ በእጅ የተመረመረና በመጽሐፍ የተቀመጠ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም፤ ይሁን እንጂ መምህራቸው የጀመሩትን መንገድ ሳያቋርጡ ለተከታያቸው ስላስረከቡ፣ ከዚያ ሥር የሚነሣ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ የሚፈልገውን ቃል ያገኛል።