የኒው ሴሌሙ ባለሱቅ፥ አብርሃም ሊንከን

ስለ አብርሃም ሊንከን ሲነሣ ፕሬዚዳንትነቱና አሟሟቱ ይቀድማሉ። እኛ ግን ዕዳ የተጫነውን ባለሱቅ ልናስታውስ ወደድን።

ሊንከን በኢሊኖይ ግዛት ወደምትገኘው ኒው ሴሌም መንደር እ.ኤ.አ. በ1831 ሲገባ የ22 ዓመት ወጣት ነበረ። በማግሥቱ ዓመት ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ሆኖም ከመንደሩ 300 መራጮች 277ቱ ደግፈውት ነበር። ከዚያም ከዊልያም ቤሪ ጋር በሽርክና ሱቅ ያዘ። ዕቃውን የገዙት በአብዛኛው በዱቤ ነበርና ንግዱ ከሰረ። ቤሪ በ1835 ሲሞት 1,100 ዶላር ያህል የሚሆነው ዕዳ ሁሉ በሊንከን ጫንቃ ላይ ወደቀ። በዚያ አገር ባለዕዳ ወደ ምዕራብ መሰወሩ ብርቅ አልነበረም። እርሱ ግን እዚያው ቀርቶ ፖስታ እያደለ፥ መሬት እየቀየሰ ይከፍል ጀመር። ፈረሱና የቅየሳ መሣሪያው ስለ ዕዳው ተይዘው በሐራጅ ቢሸጡ፥ ጄምስ ሾርት የተባለ ጎረቤቱ ገዝቶ መለሰለት። እንዲህ ያለ ጎረቤት በከንቱ አይገኝም።

በ1834 እንደገና ተወዳድሮ ተመረጠ። ለምክር ቤት የሚገባ ልብስ ስላልነበረው፥ ወደ ቫንዳሊያ ከመሄዱ በፊት 200 ዶላር ተበደረ፤ ዕዳ በዕዳ ላይ መሆኑ ነው! ሕዝቡ በተከታታይ አራት ጊዜ መረጠው። ምክር ቤቱ በ1837 የባርነት ተቃዋሚ ማኅበራትን ሲያወግዝ፥ ሊንከን ከዳን ስቶን ጋር ሆኖ ባርነት በግፍ ላይ የቆመ መሆኑን በመዝገብ አሰፈረ፤ የማኅበራቱን አካሄድ ግን እርሱም አልደገፈም።

የሱቁን ዕዳ ከፍሎ ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት።