ፖል ቤር

ፖል ቤር (1833 – 11 ኖቬምበር 1886 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅና ፖለቲከኛ ነበር። የአየር ግፊት በሰውነት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ባደረገው ጥናት ይታወቃል።

በኦሴር ከተማ ተወልዶ በፓሪስ ከክሎድ ቤርናር ዘንድ ተማረ። ግፊቱ በሚቀያየር ዝግ ክፍል ውስጥ በእንስሳትና በራሱ ላይ ሙከራ አካሄደ። ሰው ከፍታ ላይ የሚታመመው በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አንሶ ሳይሆን ግፊቱ ወርዶ መሆኑን አሳየ። ኦክስጅን ከመጠን ሲያልፍ መርዝ እንደሚሆንም አረጋገጠ።

በ1875 ዜኒት በተባለው ባሉን ሦስት ሰዎች ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። የያዙት ኦክስጅን እንደማይበቃ ቤር በደብዳቤ ቢያስጠነቅቅም ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰ። ሰውነታቸው ሳይታወቃቸው ስለዛለ አጠገባቸው የነበረውን ኦክስጅን እንኳ በጊዜው መሳብ አልቻሉም። ሲቬልና ክሮሴ ስፒኔሊ ሞቱ፤ ጋስቶን ቲሳንዲዬ ብቻ ተረፈ።

ቤር በ1878 ስለ አየር ግፊት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ በቬትናም የፈረንሳይ ቅኝ ገዥ ተወካይ ሳለም በሐኖይ አረፈ።

ዛሬ በአየር አምቡላንስ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሽተኛው ከመሬት ሳይነሳ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን አስልተው የሚይዙት በዚሁ እውቀት ነው።