ማኅሌታይ ያሬድና ዜማን የመጻፍ ጥበብ

ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረ የዜማ ሊቅ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የተወለደበትን ዓመት 505 ዓ.ም. ያደርገዋል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው።

ያሬድ ግን ትምህርት የማይገባው ልጅ ሆነ። ከመምህሩ ቅጣት ሸሽቶ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ዛፉን ስትወጣ 6 ጊዜ ወድቃ በ7ኛው ሲሳካላት አየ። በትሏ ትዕግሥት ተገሥጾ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት የዜማ ስልቶች ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን እንደ ደረሰ ትውፊቱ ይተርካል። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሕመሙንም ደሙንም አላስተዋሉም። ንጉሡ ካሣ ይሆነው ዘንድ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ያሬድ ከዓለም ተለይቶ ለመኖር ስንብት ለመነ። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶም በምናኔ ኖረ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

በስሙ የሚጠራው ዜማ ለትውልድ የተላለፈው በቃልና በምልክት ነው። የምልክቱ ሥርዓት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል። ከግጥሙ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ሁለት ዓይነት ነገር ይሰፍራል። አንዱ እንደ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘትና ርክርክ ያለ ቅርጽ ሲሆን የድምፁን አካሄድ ያመለክታል። ሌላው ከታወቀ ዝማሬ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ፊደል ነው፤ አንባቢውን ያንን ዝማሬ አስታውሶ በዚያው ዜማ እንዲያዜም ያደርገዋል።

ዛሬ በአቦምሳ ወይም በአሰላ ጊታር የሚማር ወጣት ሌሎች ሁለት አነባበቦች ይገጥሙታል። በአምስት መስመር የሚጻፈው ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ስለሚያሳይ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ሊጫወት ይችላል። ታብ የሚባለው ደግሞ ስድስቱን የጊታር ክር በስድስት መስመር ወክሎ ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ በቁጥር ይነግራል። ለጀማሪ ይቀላል፤ ነገር ግን ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ብዙ ጊዜ ስለማያሳይ ዜማውን አስቀድሞ መስማትን ይጠይቃል።

የያሬድ ምልክት በዚህ ረገድ ከኖታ ይልቅ ወደ ታብ ይቀርባል፤ ሁለቱም ቀድሞ በጆሮ የገባውን ያስታውሳሉ። ልዩነታቸው ታብ ለጣት፣ ምልክቱ ለትዝታ መናገሩ ነው። ስለዚህም የድጓ ተማሪ ብራናውን ብቻ ይዞ ሊቅ አይሆንም፤ በደቡብ ጎንደር እንደምትገኘው እንደ ቤተ ልሔም ባለ የድጓ ጉባኤ ቤት ከመምህር እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ ይቀጽላል። መምህሩ ተተኪ ሳያፈራ ቢያልፍ ብራናው ይቀራል፤ ፊደሉም ይነበባል፤ የሚያዜመው ግን አይኖርም።