ከመመሪያው ሕሊናቸውን ያስቀደሙት ቆንስል



እኛ የእድር ሰዎች ቀብር እናውቃለን። ጡሩምባ ከተነፋበት ሰዓት ጀምሮ ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ደርድረን፣ ሟቹን በወግ በማዕረግ እስክንሸኝ ድረስ ስንቱን አይተናል። ሰው በቁሙም ሆነ ሲሞት ሰው እንደሚያስፈልገው ከእኛ በላይ ምስክር የለም። ሀብታሙም ድሃውም እድር ካለው እንደ ሰው ይቀበራል።

ዛሬ ታሪካቸውን የማጫውታችሁ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የአገራቸው ቆንስል ሆነው በየአህጉሩ ያገለገሉ፣ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ፣ የብዙ ልጆች አባት ሲሆኑ፣ የሞቱት በመነኮሳት ሆስፒታል፣ የተቀበሩትም የመነኮሳት ቀሚስ ለብሰው ነው። መንግሥታቸው ዞር ብሎ አላያቸውም። ለዚህ ያበቃቸው ስርቆት ወይም ጉቦ እንዳይመስላችሁ። ለዚህ ያበቃቸው ማኅተም ነው። እንዳይመቱ የተከለከሉትን ማኅተም መቱ።

ስማቸው አሪስቲዴስ ዴ ሱዛ ሜንዴስ ይባላል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ላሳስብና፣ እኚህ ሰው ሐምሌ 19 ቀን 1885 ዓ.ም. በፖርቱጋል አገር ካባናስ ዴ ቪሪያቶ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዳኛ ነበሩ። ሴዛር የሚባል መንታ ወንድም ነበራቸው። ሁለቱም በኮይምብራ ዩኒቨርስቲ ሕግ ተምረው በአንድ ዓመት በ1907 ተመረቁ፤ ሁለቱም በውጭ ጉዳይ ሥራ ገቡ። ሴዛር በ1932 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል።

አሪስቲዴስ አንጀሊና የምትባለውን የአጎታቸውንም ወገን የሆነች ዘመዳቸውን አግብተው አሥራ አራት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ ቀድመው ሞቱባቸው። ይህን ሁሉ ቤተሰብ ይዘው ከዛንዚባር እስከ ብራዚል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ቤልጂግ አንትዌርፕን ከተማ ድረስ ሲዘዋወሩ ኖሩና በ1938 በፈረንሳይ አገር የቦርዶ ከተማ ቆንስል ሆነው ተሾሙ። ጥብቅ ካቶሊክ ነበሩ። ጻድቅ ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም። ከትዳራቸው ውጪ ልጅ ወልደዋል፤ ሚስታቸውንም በዚህ አሳዝነዋል። እንዲያው እንደ ማናችንም ሰው ነበሩ። ታሪካቸውን ቁም ነገር የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ፖርቱጋልን ያስተዳድር የነበረው አንቶኒዮ ሳላዛር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሳይበቃው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩም እሱው ራሱ ነበር። ጦርነቱ በመስከረም 1939 ሲነሳ አገሪቱን ገለልተኛ አደረገና፣ በኅዳር 11 ቀን 1939 ለቆንስሎች ሁሉ ሰርኩላር ቁጥር 14 የሚባል ደብዳቤ ተላለፈ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዜግነታቸው ያልታወቀ ወይም አገር የሌላቸው ሰዎች፣ ሩስያውያን፣ ከአገራቸው የተባረሩ አይሁዶች፣ ሚኒስቴሩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ ቪዛ እንዳይሰጣቸው የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ደብዳቤው የከለከለው ወንጀለኛውን አይደለም። ቤት የፈረሰበትን፣ አገር የተነፈገውን፣ በትውልዱ ምክንያት የተሰደደውን ለይቶ ነው በሩን የዘጋበት።

በግንቦት 1940 የጀርመን ጦር ሆላንድንና ቤልጂግን አልፎ ፈረንሳይ ገባ። ሰኔ 14 ቀን ፓሪስ ተያዘች። የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ ሸሽቶ ቦርዶ ገባ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ከተማይቱ ሰው መያዣ አጣች፤ መኪና ውስጥ የሚያድረው፣ በየመናፈሻው የሚተኛው ብዙ ነበር። ከዚያ ለመውጣት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል። በስጳኝ አቋርጦ ፖርቱጋል መግባት፣ ከሊዝቦን መርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ መሻገር። ስጳኝ ግን የፖርቱጋል ቪዛ በፓስፖርቱ ላይ ያላየችበትን ሰው አታሳልፍም። እንግዲህ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት በአንድ ማኅተምና በአንድ ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ያ ማኅተም ያለው በሱዛ ሜንዴስ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሜንዴስ ከዚህ ቀደምም ሳያስፈቅዱ ለሁለት ለተቸገሩ ሰዎች ቪዛ ሰጥተው ከሚኒስቴሩ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ስለዚህ ቢደግሙት ምን እንደሚመጣ አሳምረው ያውቃሉ።

በዚያ ሰሞን ራቢ ኃይም ክሩገር ከሚባሉ ከቤልጂግ ከሸሹ የአይሁድ የሃይማኖት መምህር ጋር ተዋወቁ። ራቢው ከሚስታቸውና ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ማደሪያ አጥተው ስለነበር ቆንስሉ ቤታቸው ወስደው አሳረፏቸው። ቪዛም እንዲፈቀድላቸው ወደ ሊዝቦን ቴሌግራም አደረጉ። መልሱ እምቢታ ሆነ። ቆንስሉ ግን ለእርስዎና ለቤተሰብዎ እሰጣለሁ አሏቸው። ራቢው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ደጅ ላይ የቀሩትን ወገኖቼን ጥዬ ለብቻዬ አልወስድም አሉ።

ይህ ነገር ቆንስሉን አልጋ ላይ ጣላቸው። ሦስት ቀን ያህል በር ዘግተው ሲገላበጡ ሰነበቱ። ላቡ ያጠምቃቸዋል፣ እህል አይቀምሱም። በእነዚያ ቀናት ጠጉራቸው ሸበተ ብለው ዘመዶቻቸው ይናገሩ ነበር። እስቲ ራሳችንን በቦታቸው እናስቀምጥ። ዕድሜያቸው ወደ አምሳ አምስት ነው። ልጆቻቸው ገና ትምህርት ላይ ናቸው። ሌላ ሙያ፣ ሌላ ገቢ የላቸውም። ባሻገር ደግሞ መስኮቱ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ መንገዱ ላይ ሕፃን የታቀፈ፣ ሽማግሌ የደገፈ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ለአንዱ ወገን ሲራሩ በሌላው ወገን መጨከናቸው ነው።

ሰኔ 17 ቀን ከአልጋቸው ተነሱ። ተላጩ፣ ለበሱ፣ የጽሕፈት ቤቱን በር ከፈቱ። ከእንግዲህ ዜግነት፣ ዘር፣ ሃይማኖት ሳልለይ ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ ብለው አስታወቁ። ሕሊናዬና ሃይማኖቴ ከዚህ ሌላ አያደርገኝም አሉ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የፋብሪካ ሥራ ይመስል ነበር። ልጆቻቸውና ራቢ ክሩገር ፓስፖርቱን ከደጅ እየሰበሰቡ ያመጣሉ፣ አንዱ ማኅተም ይመታል፣ ቆንስሉ ይፈርማሉ። ጸሐፊያቸው ነገሩ ቢከብደውም አብሮ ሠራ። ምሳ የሚባል ቀረ። ጊዜ ሲያጥር የቪዛ ክፍያው ተተወ፤ በመዝገብ ማስፈሩም ተተወ። ረጅሙ ፊርማቸው አጥሮ ሜንዴስ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ሆነች። በዚያ ሰልፍ የኦስትሪያ ንጉሣውያን የሃብስበርግ ቤተሰብና የሉክሰምቡርግ ገዢ ልዕልት ሻርሎትም ቪዛ አግኝተዋል፤ ስሙን ማንም የማያውቀው ልብስ ሰፊና ነጋዴም እንዲሁ። ማኅተሙ ለሁሉም አንድ ነበር።

ቦርዶ ሲቀልላቸው ወደ ባዮን ከተማ ወረዱ። እዚያ ያለው ቆንስል መመሪያውን ጠብቆ ሰዉን እየመለሰ ነበር። ሜንዴስ የበላይህ ነኝ ብለው ወንበር ስበው እዚያም መፈረም ያዙ። ከዚያ ደግሞ ድንበሩ ላይ ወዳለችው አንዳይ ሄደው በመንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ፈረሙለት። ወሬው ሊዝቦን ሲደርስ ሳላዛር ቪዛ የመስጠት ሥልጣናቸውን ገፈፈ፤ በስጳኝ የፖርቱጋል አምባሳደርም ድረስ መጥቶ ይህ ሰው አእምሮው ተነክቷል ብሎ ለስጳኞች ነገረ። ድንበሩም ተዘጋ። ግን የመዝገቡ ሥራ ስለተተወ ቁጥሩ በትክክል ባይቆጠርም፣ ብዙ ሺህ ሰው በዚያች ፊርማ ተሻግሮ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። ማንም ሠራተኛ ደስ ያላለውን ሕግ እየጣሰ ከሄደ መሥሪያ ቤት እንዴት ይቆማል? እድራችንም ቢሆን መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ደንብ ባይኖረን አንድ ዓመትም አንዘልቅም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከሰውዬው አደራረግ ውስጥ ይገኛል። ሜንዴስ ለዘመድ ብለው ሕግ አልጣሱም፤ አብዛኞቹን ከዚያ በፊት አይተዋቸው አያውቁም። ገንዘብ አልተቀበሉም፤ እንዲያውም የሚከፈለውን አስቀሩ። በጓሮ በር አልሠሩም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ጽሕፈት ቤታቸው፣ በገዛ ስማቸው ፈረሙ። በመጨረሻም አልሸሹም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ፍርዱን ቆመው ጠበቁ። ሕግን የሚንቅ ሰውና ዓመፀኛ ሕግን እምቢ የሚል ሰው የሚለዩት በዚህ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ጥቅሙን ይወስዳል፤ ሁለተኛው ዕዳውን ይወስዳል።

ዕዳው መጣ። በሐምሌ 1940 አገራቸው ሲገቡ የዲሲፕሊን ክስ ተመሠረተባቸው። ያደረጉትን አልካዱም፤ ዓላማዬ የተጨነቀውን ሕዝብ ማዳን ነበር ብለው በጽሑፍ መለሱ። ጉዳዩን ያየው ጉባኤ ከማዕረጋቸው ዝቅ እንዲሉ ሐሳብ አቀረበ። ሳላዛር ግን ይህ አልበቃውም። ጥቅምት 30 ቀን 1940 አንድ ዓመት በግማሽ ደመወዝ ከሥራ ተወግደው እንዲቀመጡ፣ ከዚያም ጡረታ እንዲወጡ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ቁልቁል ሆነ። የሚያገኟት ገንዘብ ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ የምትበቃ አልነበረችም። ሊዝቦን ውስጥ የአይሁድ ማኅበር ለስደተኞች ባቋቋመው ምግብ ቤት ቤተሰቡ ይመገብ ነበር። እዚያ ያስተናግድ የነበረ አንድ ወጣት በኋላ እንደመሰከረው፣ ይህ የስደተኞች ክፍል ነው ቢላቸው፣ እኛም እኮ ስደተኞች ነን ብለው መለሱለት። ልጆቻቸው በአገራቸው ዕድል ስላላገኙ አንድ በአንድ ተሰደዱ። በካሊፎርኒያ የተወለዱት ሁለቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብተው ተዋግተዋል። በ1945 አባትየው በሽታ ጥሏቸው በከፊል ሽባ ሆኑ። እንደዚያም ሆነው፣ ያ ሰርኩላር ሰውን በሃይማኖቱ መለየትን ከሚከለክለው ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይቃረናል ብለው ለብሔራዊው ምክር ቤት አቤቱታ አቀረቡ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። በጣም የሚያሳዝነው ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ፖርቱጋል የስደተኛ መጠጊያ በመሆኗ ተመሰገነች፤ ምስጋናውን የወሰደው ያው የቀጣቸው መንግሥት ነው።

አንጀሊና በ1948 ሞቱ። እሳቸውም ሚያዝያ 3 ቀን 1954 በሊዝቦን በፍራንሲስካውያን ሆስፒታል ዐረፉ። በመጀመሪያ እንዳልኩት በመነኮሳቱ ቀሚስ ተገንዘው ተቀበሩ። የካባናስ ትልቁ ቤታቸው በዕዳ ተሸጠ፤ ለብዙ ዓመታትም ጣሪያው እየረገፈ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ።

ልጆቻቸው ግን ዝም አላሉም። በተለይ አሜሪካ የነበሩት የአባታቸውን ስም ለማንጻት ዓመታት ደከሙ። በ1966 እስራኤል አይሁዶችን ያዳኑ ጻድቃን ከምትላቸው ሰዎች መካከል ስማቸውን አስገባች። በአገራቸው ግን የሳላዛር ሥርዓት በ1974 እስኪወድቅ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 1988 ድረስ መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት የፖርቱጋል ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ክሱን ሽሮ ወደ ማዕረጋቸው መለሳቸው። በጥቅምት 2021 ደግሞ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚታሰቡበት በብሔራዊው ፓንተዮን የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው፤ አፅማቸው ግን ካባናስ እንደተቀመጠ ነው። የፈረሰውም ቤት ታድሶ በ2024 ሙዚየም ሆነ።

እንግዲህ ውድ አባላት፣ ከሞቱ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ የመጣ ፍርድ ለሟቹ ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ለልጆቹ ድህነት ማን ይካሳል? ይህን ጥያቄ ማንም አይመልሰውም፤ ሜንዴስም ያኔ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ያላገኙት መልስ ይመስለኛል። ለልጆቼ እንጀራ ብዬ የሌላውን ሰው ልጅ ልመልስ ወይ የሚለው ፈተና ሒሳብ ተሠርቶ የሚፈታ አይደለም። ተነስቶ በሩን መክፈት ወይም ዘግቶ መቀመጥ ብቻ ነው።

እኛ ቆንስሎች አይደለንም፤ በእጃችን የሰው አገር ማኅተም የለም። ቢሆንም አንዳችን ጸሐፊ፣ አንዳችን ዘበኛ፣ አንዳችን የቀበሌ ሠራተኛ፣ አንዳችን ነርስ ነን። ደጃችን ላይ ወረቀቱ ያልተሟላለት ሰው የሚቆምበት ቀን ለሁላችንም ይመጣል። ያን ዕለት ደንቡ ምን ይላል ብለን መጠየቃችን ደግ ነው። ከደንቡ በፊት ግን ይህ ሰው ከዚህ ቢመለስ የት ይደርሳል ብለን እንጠይቅ።

በመነኮሳት ቀሚስ የተቀበሩት ሰው ያለ ለቀስተኛ ሄዱ ሊባል አይችልም። በዚያች አጭር ፊርማ ከተሻገሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬም ወደ ካባናስ እየሄዱ መቃብራቸውን ይሳለማሉ። ይህን የሚያህል ለቀስተኛ ደግሞ በጡሩምባ ተጠርቶ የሚመጣ አይደለም።