የእንዶዱ ሰው፦ ዶ/ር አክሊሉ ለማ

የብልሃርዝያን ዑደት የፓራሲቶሎጂ ፈተና የተፈተነ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ከዓይነ ምድር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ መልሶ በውኃው በኩል ወደ ሰው ቆዳ። ይህን ዑደት ቀንድ አውጣው ላይ ለመቁረጥ ዕድሜያቸውን የሰጡት ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው፤ በዩኒቨርሲቲያችን የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሥራች።

እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ፤ ለዶክትሬት የተማሩት በአሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ነው። በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። እናቶቻችን ሸማ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ እኮ ነው!

እዚህ ላይ የሰውየው እምነት ሥራውን መራው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል በገበያ ላይ ነበር፤ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እሳቸው የፈለጉት ገበሬው ራሱ አጥሩ ሥር ሊያበቅለው የሚችለውን ነው። ትርፍ የሚያስብ ኩባንያ ይሄን ጥያቄ መች ይጠይቃል?

ተፈጥሮ ደግሞ ለእምነት አታዳላም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ስለሚራባ ርጭቱ መደጋገም አለበት፤ የፍሬው ጉልበትም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የተሰበሰበውን እንዶድ እያበቀሉ አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን የመረጡት ለዚህ ነው። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ብልሃርዝያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተንዛዛው። ዓለም አቀፍ ተቋማት በታወቀ ደረጃ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐኪም ነኝ፣ ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር አልፈቅድም። ጥያቄው ልክ ነበር። ልክ ያልነበረው፣ ምርመራው የሚሠራበት ላቦራቶሪ እዚህ እንደሌለ እየታወቀ ወጪውን የሚሸፍን ለዓመታት መጥፋቱ ነው። ዶ/ር አክሊሉም ችግሩ የሳይንስ ብቻ እንዳልሆነ፣ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካዊ የተሠራ ምርምር ቶሎ አለመታመኑም እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። በኋላ በካናዳ ሳይንቲስቶች ድጋፍ ምርመራው ተሠራ። ግን እስከዚያ ድረስ ፕራዚኳንቴል መጥቶ፣ የዓለም ትኩረት ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞሯል። ክኒኑ ግሩም መድኃኒት ነው፤ የታከመው ልጅ ተመልሶ የሚገባበትን ወንዝ ግን አያክምም።

በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዩኒሴፍ ውስጥም አገልግለዋል። የሚገርመው፣ እንዶድ አሜሪካ ውስጥ ቶሎ ሰሚ አገኘ። በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን የዜብራ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ይገድል እንደሆነ ኦሃዮ በሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ሠራ፤ ፓተንትም ወጣበት።

ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።