ራስ አበበ አረጋይ

ራስ አበበ አረጋይ የተወለዱት በ1890ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። የፋሺስት ጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ባላምባራስ ተብለው የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ።

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ከተማይቱ ባለቤት አጣች። ሱቁ ተዘረፈ፤ ቤቱ ተቃጠለ። የነበረው የፖሊስ ኃይል ይህን ሊገታ አልቻለም። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት ሲገባ ብዙ ሹማምንት እጃቸውን ሰጡ፤ አበበ ግን ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። ጸጥታዋን ሲያስከብሩ ወደ ኖሩባት ከተማ የተመለሱት ለውጊያ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አርበኞች አዲስ አበባን ባጠቁ ጊዜ ከመሪዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጥቃቱ ከሸፈ፤ እሳቸው ግን ዱሩን አልለቀቁም።

ስማቸውን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የ1932 ዓ.ም. ድርድር ነው። ጄኔራል ናሲ ለዕርቅ መልእክተኛ ሲልክባቸው በሩን አልዘጉበትም። አንዳንዶች ሊገቡ አስበው ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፋታ ለማግኘት የዘየዱት ዘዴ ነው ይላሉ። የልባቸውን እሳቸው ያውቃሉ፤ እኛ የምናውቀው አለመግባታቸውን ነው። በሰኔ ወር ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች፤ ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ሱዳን፣ ካርቱም ደረሱ። ከዚያ ወዲያ የዕርቁ ነገር ከንቱ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ ሹመት በሹመት ላይ ተደረበላቸው፤ የአዲስ አበባ ገዥ፣ የጦር ሚኒስትር፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። ይሁን እንጂ በ1935 ዓ.ም. በትግራይ ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ አመፁን ለመደምሰስ የዘመተውን ጦር የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችም መቀሌን በቦምብ ደበደቡ። ለነፃነት ዱር የገቡ አርበኛ በገበሬ ላይ መዝመታቸው በዚያ አገር መራራ ትዝታ ጥሎ አለፈ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ፣ የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከጎናቸው ተሰለፉ። የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ ራስ አበበ ከሌሎች መኳንንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታገቱ፤ ሙከራው ሲከሽፍም በጥይት ተገደሉ። አብረዋቸው ከወደቁት አንዱ የትግራዩ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ። ሕንፃው ዛሬ በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይገኛል።