ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የእንግሊዝኛው «ሁ»



በዛሬው ጽሑፋችን የምናቀርበው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የሕይወት ታሪክ ነው። ፈረንጆቹ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይሏቸው ነበር። እሳቸውን የመረጥነው ታላቅ ሰው ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ ልጻፍ ያለ ሰው ሪሌቲቭ ፕሮናውን የሚባሉት ቃላት፣ «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ» እና «ዊች»፣ ሁሉም ያስፈልጉታል። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባ ደግሞ የሰዋስው ስሕተት ብቻ አይደለም የሚሆንበት፤ ሰውየውን ራሱን ያበላሸዋል። እኛ እጩ መምህራን ነገ በሰንዳፋም ይሁን በሌላ ከተማ ጠመኔ ይዘን ስንቆም ይህንኑ ማስረዳታችን አይቀርም።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅና አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ ወርቅነህ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ እንግሊዞቹ እጅ ገባ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ።

እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ብዙ ነው። የብራና መጻሕፍቱ ተወሰዱ፣ ዘውዱ ተወሰደ፣ ታቦት ሳይቀር ተወሰደ። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ እሱማ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ ሞተ። ወርቅነህም ከተወሰዱት አንዱ ነው። አሁን ልብ በሉ፤ በአማርኛ መጻሕፍቱም «የተወሰዱት» ናቸው፣ ልጆቹም «የተወሰዱት» ናቸው። የእኛ «የ» ሰውንና ዕቃን አይለይም። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ለመጻሕፍቱ «ዊች»፣ ለልጆቹ «ሁ»። ወርቅነህን «ዊች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሳያውቀው ሕፃኑን ከዘውዱና ከብራናው ጋር አብሮ ጭኖታል ማለት ነው።

(«ዛት» ለሰውም ለዕቃም ያገለግላል። ስለዚህ ተማሪ ሲጨንቀው ወደ እሱ ይሸሻል፤ ሁልጊዜ ግን አያስመልጥም፣ ወደ ታች እናየዋለን። በ1611 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ዊች» ለሰው፣ አልፎም ለእግዚአብሔር ሲገባ የምታዩ አንባብያን አትደናገጡ። የጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲያ ነበር። የዛሬው አይደለም።)

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። «የወሰደው ሕፃን» ብንል በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። ሕፃኑ አንድ ነገር ወስዷል? ወይስ ሕፃኑን ሰው ወስዶታል? ነገሩን የምናውቀው ከዙሪያው ወሬ ነው። እንግሊዝኛ ይህንን የሚለየው በቃላት ቅደም ተከተልና በቃሉ መልክ ነው። ኮሎኔሉ አድራጊ ስለሆነ «ሁ» ይሰጠዋል፣ ሕፃኑ ተደራጊ ስለሆነ «ሁም»። ማለትም «ዘ ቦይ ሁም ዘ ኮሎኔል ቱክ»። እዚህ ላይ የእኛ አገር ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። በአማርኛ «የወሰደው» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ሕፃኑን ታመለክታለችና፣ ተማሪው በእንግሊዝኛውም ያቺን «ው» ፍለጋ «ቱክ» ካለ በኋላ «ሂም» ይጨምራል። አያስፈልግም። «ሁም» ያንን ሥራ ጨርሶታል። ሌላው ደግሞ ገና «ሁም»ን የተማረ ሰሞን በየቦታው ይነሰንሰዋል። ልጁ «ተወሰደ» ካልን ግን ባለቤቱ ራሱ ልጁ ስለሚሆን «ሁም» መባሉ ቀርቶ «ሁ» ይሆናል፤ «ዘ ቦይ ሁ ዎዝ ቴክን»። እውነቱን ለመናገር ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲያወሩ «ሁም»ን እምብዛም አይሉትም። በጽሑፍና በፈተና ግን አልሞተም።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ኮሎኔል ማርቲን የተባለው ሌላ መኮንን ለልጁ የትምህርት ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከነዚሁ ሁለት ሰዎች ነው። ወርቅነህ የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ተረሳ። ወጣቱ ላሆር ከተማ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ጨረሱ፤ በኋላም ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

(አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ «ሕፃኑ ገባ» ስንል ቆይተን «ወጣቱ ተምረው» ብለናል። የአማርኛ ግስ አክብሮትን፣ ጾታን፣ ቁጥርን በጉያው ይይዛል፤ «የተማረው»፣ «የተማረችው»፣ «የተማሩት» እያለ። የእንግሊዝኛው «ሁ» ከዚህ አንዱንም አይዝም። ለንጉሥም «ሁ»፣ ሰንዳፋ ገበያ ቅቤ ለምትሸጠው ሴትዮም «ሁ»። ደግሞ እኛ «ቅቤ የምትሸጠው» ብለን ገለጻውን አስቀድመን ሴትዮዋን በመጨረሻ እናመጣለን፤ እነሱ መጀመሪያ ሴትዮዋን ጠርተው ገለጻውን ከኋላዋ ያስከትላሉ። ተማሪ በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል ሲገለብጥ የሚደነባበረው በዚህ ነው።)

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1892 ዓ.ም. ገደማ፣ እኚህ ሐኪም አዲስ አበባ መጡ። አማርኛ ጨርሶ ጠፍቷቸው ስለ ነበር ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ምልክት አወቋቸው ተብሎ ይተረካል። ወርቅነህ መባላቸውንም ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት! «ሁ»ና «ሁም»ን ከጥርሳቸው ጋር ያበቀሉ ሰው፣ እኛ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባናትን «የ» ለመማር በጎልማሳነት ቁጭ አሉ። ተማሯትም። በ1920 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ እስከማሳተም ደረሱ። የዕለት ማስታወሻቸውን ግን በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር።

መጀመሪያ ወደ በርማ ተመልሰው፣ ኋላም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ እሳቸው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ «ዊች» ነው፣ ተቆጣጣሪው «ሁ»። ይህ ቀላል ነው።

ሐኪም ወርቅነህ አጥብቀው ከታገሉት ነገር አንዱ ባርነት ነው። የባሪያ ነፃነት ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም. ቢወጣም ዐዋጅ ብቻውን ማንንም አላስተማረም። ነፃ የወጡት ልጆች ትምህርትና ሙያ እንዲያገኙ ከደከሙት ሰዎች መካከል እሳቸው ግንባር ቀደም ነበሩ። ባሪያ በገበያ ሲሸጥ ልክ እንደ ከብቱና እንደ አሞሌው ጨው ዋጋ ተቆርጦለት ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ በእንግሊዝኛ ስንገልጸው የትኛውን ቃል ነው የምንሰጠው? ሻጩ ዕቃ ነው ይላል። ሰዋስው ግን ሰው ነው ይላል፤ ተሸጠም አልተሸጠም «ሁ» ነው።

ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ጨርጨርን ገዙ፤ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ ሊያደርጉ ሞከሩ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርረን ሲሰናዳ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ያ ከሕፃንነት ያደጉበት እንግሊዝኛ አሁን ለአገር መሟገቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው መራራ ነው። በእንግሊዝ አገር ተምረው የመጡት ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያኖች ረሸኗቸው። «ልጆቻቸው የተገደሉባቸው አባት» እንላለን በአማርኛ፤ ሐዘኑን የምትይዘው «ባቸው» ናት። እንግሊዝኛ ይህችን የለውም፤ በቦታዋ «ሁዝ» ያስገባል፦ «ዘ ፋዘር ሁዝ ሰንስ ዌር ኪልድ»። «ሁ ሂዝ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ ሁለቱን ቃላት አውጥቶ አንዲት «ሁዝ» ማስገባት ይበቃል።

አንድ ነገር ቀረን፣ ኮማ። ሐኪም ወርቅነህ ብዙ ልጆች ነበሯቸው፤ የተገደሉት ሁለቱ ናቸው። «ሂዝ ሰንስ ሁ ዌር ኪልድ» ያለ ኮማ ከተጻፈ ከወንዶች ልጆቻቸው መካከል የተገደሉትን ለይቶ ይጠራል። «ሰንስ» ካለ በኋላ ኮማ ከገባ ግን ወንዶች ልጆቻቸው ሁሉ ተገድለዋል ማለት ይሆናል። ቀድመን እንዳልነው «ዛት» እዚህ አያስመልጥም፤ ከእንዲህ ያለው ኮማ በኋላ አይገባምና። በአባትየው ስም ላይ ግን ኮማው ግድ ነው፤ «ዶክተር ማርቲን» ብለን ከጠራን ማንነታቸው ታውቋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ሁ» ተጨማሪ ወሬ እንጂ መለያ አይደለም።

ሐኪም ወርቅነህ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። በመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው።